እርጥብ ጨርቁ አይደለም

ለትልቋ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ፣ ያ ደረጃ ስትወጪ ቀስፎ የሚይዝሽ ነገር ተወሽ ወይስ አሁንም እንደ ክፉ ጎረቤት ይመላለሳል? ባለቤትሽ እንዴት ነው? እዚያው መጋዘን ነው ወይስ ያሰበው ሥራ ተሳካለት? ትልቁ ልጅሽ በቁመት በለጠኝ ያልሽው የእውነት ነው ወይስ የእናት ዓይን ነው? ትንሿስ፣ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት? ይህን ሁሉ በስልክም መጠየቅ እችል ነበር። በስልክ ግን ሁልጊዜ ጠያቂዋ አንቺ ነሽ፤ እኔ «ደህና ነን፣ ደህና ነን» እያልኩ ካርዱ ያልቃል።

እኛ አለን። ባለቤቴ ደህና ናት፤ ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ጨምሮባት ድምፅዋ ተዘግቶ ነው ቤት የምትገባው። እኔም ሥራዬ ላይ ነኝ። እማዬ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ጨው በዛ ብላ ትቆጣለች። ዓይኗ እንደምታውቂው ነው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ነገር ግን እንደምታውቂው አይደለም። ወደዚያ እመጣለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። ስልኩን የምናነሳው እማዬ አጠገብ ነው፣ እሷም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አድርገን ነው የምናወራው። ስለ እሷ የምነግርሽ ደግሞ እሷ እየሰማች የሚነገር አይደለም። በዚያ ላይ በስልክ መዋሸት ይቀናኛል። ወረቀት ላይ የሰፈረ ውሸት ግን እዚያው ቁጭ ብሎ መልሶ ያየኛል። ይህን የሚያደርስልሽ ያው ባለፈው ፍላሹን ያመጣልን መንገደኛ ነው።

ነገሩ ስለ ኮምፒውተሩ ነው። አንቺ የላክሽው፣ ሳሎን ጥግ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠው። ከስምንት ወር በፊት ተበላሸ ብዬሽ ነበር። ምን ነካው ብለሽ ስትጠይቂኝ፣ «እማዬ በእርጥብ ጨርቅ ስትወለውለው ውሃ ገብቶበት ነው» አልኩሽ። እማዬ አላበላሸችውም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ይህችን አጭር ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። በመጀመሪያው ላይ መንገደኛውን ወቅሼ ነበር፣ በሁለተኛው ፍላሹን፣ በሦስተኛው ደግሞ ነገሩን ሁሉ «ተበላሸ» ብዬ ያለ ባለቤት ጽፌው ነበር።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። መንገደኛው ፍላሹን ያመጣው ዓርብ ነበር። መኪና ውስጥ የሚጠብቁት ሰዎች ስለነበሩ አልቀመጥም አለ፤ «ገልብጥና መልስልኝ፣ በውስጡ የሌላ ሰውም አደራ አለ» ብሎ በሩ ላይ ቆመ። የልጆችሽ ፎቶና ቪዲዮ አንድ ላይ ሁለት መቶ አርባ አንድ ነው። መገልበጥ ጀመርኩ። እማዬ ወንበሯን ጎትታ አጠገቤ ተቀመጠች። እየተገለበጠ እያለ አንዱን ከፈትኩላት፤ ትንሿ ልጅሽ የወለቀ ጥርሷን በመዳፏ ይዛ የተነሳችው ነው። እማዬ ሳቀች። «የቀረውን ነገ አየዋለሁ፣ ተራ በተራ፣ ሥራዬን ጨርሼ» አለች። ውጭ ጥሩምባ ተነፋ። መንገደኛው «ወንድሜ፣ እንግዲህ» አለ። አረንጓዴው መስመር ጫፍ ሊደርስ ትንሽ ነበር የቀረው። ፍላሹን መንጭቄ ሰጠሁት።

እንዴት እንዲህ ታደርጋለህ እንዳትይኝ። ማተሚያ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት እንዲሁ ነው። የሠርግ ካርድ የሚያሳትመው፣ ማመልከቻ የሚያስጽፈው፣ የሞተ ሰው ፎቶ የሚያሳድገው፣ ሁሉም ፍላሹን እንደ ሻማ ቀጥ አድርጎ ይዞ ይሰለፋል። አንዱን ነቅለን ሌላውን እንሰካለን። ከመንቀሉ በፊት ኮምፒውተሩን የሚያስፈቅድ ሰው ካየን አዲስ ተቀጣሪ ነው፤ «ደህና ሁን በለው እንጂ፣ እንዳይቀየምህ» እያልን እንስቅበታለን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስነቅል ምንም ስላልመጣብኝ፣ የሚመጣ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ ነው። የእማዬን የቅዳሜ ልማድ ታውቂዋለሽ። ዳንቴሉን ታነሳለች፤ ጨርቁን ነክራ ጠብታ እስከማይወጣው ትጨምቀዋለች፤ መስታወቱን ትወለውላለች፣ ከዚያ ቁልፎቹን አንድ በአንድ፣ እንደ ሕፃን ጥርስ። ሲያልቅ እጇን ታጥባ ትመጣና ራሷ ትከፍተዋለች። በሰባ አንድ ዓመቷ ኮምፒውተር መክፈት የለመደችው ላንቺ ልጆች ስትል ነው፤ እኔ ሳስተምራት ስንት ጊዜ እንደጮህኩባት እሱ ሌላ ደብዳቤ ይወጣዋል። ያን ዕለትም ቢጫውን ፎልደር ሁለት ጊዜ ነካች። መስኮቱ ተከፈተ፣ ነጣ፣ «መሥራት አቁሟል» አለና ተዘጋ። ፊቱ ላይ የተደረደሩት ምልክቶች ሁሉ አብረው ጠፍተው ተመለሱ። ደግማ ከፈተች፤ ደግሞ ተዘጋ። ስትጠራኝ ጨርቁን ልታሰጣው አንስታው ነበር። እኔ ያየሁት ጨርቁን ብቻ ነው።

«ምን አደረግሽው?» አልኳት። «ምንም፣ እንደ ሁልጊዜው ነው» አለች። «እንደ ሁልጊዜውማ ነው፤ ውሃው ሲጠራቀም ሲጠራቀም ኖሮ ዛሬ ሞላ» አልኳት። ይህን ስል ትንሽ እንኳ አልተጠራጠርኩም። ዳኛውም፣ ምስክሩም፣ ዐቃቤ ሕጉም እኔው ነበርኩ።

ከዚያ ጥገና ጀመርኩ። አጥፍቼ አበራሁት። የቫይረስ ማጽጃ ለቀቅሁበት፤ ስድስት ሰዓት ሙሉ ሲፈትሽ ውሎ አንድም አላገኘሁ አለ። ዲስኩን አስመረመርኩት፤ ጤነኛ ነኝ አለ። ጎኑን ፈትቼ ራም የሚባለውን የማስታወሻ ካርድ አወጣሁና እግሮቹን በላጲስ አሽቼ መለስኩት። ከዚያ የባለቤቴን ፀጉር ማድረቂያ አምጥቼ ውሃው ይደርቃል ብዬ ግማሽ ቀን ነፋሁበት። እማዬ ይህን ሁሉ ወንበሯ ላይ ሆና ታይ ነበር። ልብ በይልኝ፤ ፀጉር ማድረቂያውን እያየች ነው የዋለችው። እኔ ደግሞ ብሎን በፈታሁ ቁጥር በረጅሙ እተነፍሳለሁ፣ እንድትሰማኝ።

በመጨረሻ ጠጋኝ አመጣሁ፤ ሰፈሩ «ዶክተር» የሚለውን። ከፍቶ አየው፣ ሲዘጋ አየው፣ «ፎርማት ነው፤ ሌላ መድኃኒት የለውም» አለ። «በውስጡ ያለውስ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እሱማ ይሄዳል፤ ዋናው ሕመምተኛው መዳኑ ነው» አለኝ። ፎልደሩን ገና ስነካው ስለሚዘጋ፣ ፎቶዎቹን አስቀድሞ ማውጣት የሚቻል አልመሰለኝም። እንዳይጠፉ ብዬ ዳንቴሉን አልብሼ ተውኩት። እኔን ደግሞ ሰፈሩ «ኢንጂነሩ» ይለኛል፤ ስልክ የተበላሸበት ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ኢንጂነሩ አቃተው ከሚባል እናቱ አበላሸችው ቢባል ቀለለኝ። ለጎረቤት ሁሉ ያወራሁት እኔ ነኝ። ከጎናችን ያለችው ልብስ ሰፊ እማዬን ባየች ቁጥር «ኮምፒውተር አጣቢዋ መጡ» ማለት ጀመረች። እማዬም አብራ ትስቅ ነበር፣ መጀመሪያ መጀመሪያ።

በዚያው ሳምንት ደወልሽ። እኔ የነገርኩሽን ይዘሽ «እማዬ፣ እባክሽ በቃ አንቺ አትንኪው፤ ሌላ ብልክልሽም አንቺ እንዳትነኪው» አልሻት። በድምፅሽ ውስጥ ሳቅ ነበር፤ ሰምቼዋለሁ። እሷ የሰማችው ቃሉን ነው። «እሺ ልጄ» አለችሽ። ያንን ቃል አፍሽ ውስጥ ያስቀመጥኩት እኔ ስለሆንኩ አንቺን አልወቅስም። ያን ጊዜ ግን የእኔ ፍርድ በይግባኝ የጸና መስሎ ነበር የተሰማኝ።

አሁን የማታውቂውን ልንገርሽ። እማዬ መጀመሪያ የተወችው ኮምፒውተሩን ነው። ቀጥላ ሬዲዮኑን ተወች፤ እጇ አጠገብ ተቀምጦ «ክፈቱልኝ» ትለናለች። ከዚያ ካውያውን ተወች። እርጅና ነው፣ ስንፍናም ይኖርበታል ብዬ አለፍኩት። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሳሎኑ ጨልሟል። የሰፈሩ መብራት የጠፋ መስሎኝ ማብሪያውን ነካሁት፤ በራ። እማዬ ወንበሯ ላይ ናት፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ። «ለምን አላበራሽም?» ብላት፣ «ብነካው ይቃጠል ይሆናል፤ እጄ የነካውን ያጠፋል» አለች። ሳቅኩ። ሳቅኩ፣ እትዬ። ለባለቤቴም እንደ ቀልድ ነገርኳት፤ እሷ አልሳቀችም። ከዚያ ወዲህ ቀድሞ ቤት የሚገባው ሰው ነው የሚያበራላት። ሁለታችንም የምናመሽበት ቀን ስንት እንደነበረ ልቆጥረው ሞክሬ ተውኩት።

ዓይኗ ደግሞ እኛን አልጠበቀም። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለ፤ የሄደው አይመለስም፣ ያለውን እንጠብቅ አለ። ጠብታውን ሳናስታጉል እናደርግላታለን። ቢሆንም ግራው ጨርሷል። በቀኙ የቀራት መሐሉ ብቻ ነው፤ ዙሪያው ሁሉ ጠፍቷል። «ጎረቤትን በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው፤ ነውሩ ሲቀር» ትላለች እሷ። በስልክ «ትንሽ ደከም ብሏል» ያልኩሽ ይኸው ነው። ፍላሹ የመጣ ዕለት በዚያ ዓይኗ ጋዜጣ ታነብ ነበር። ልጆችሽን ማየት የምትችልባቸው ስምንት ወሮች ዳንቴል ስር አለፉ። ከሁለት መቶ አርባ አንዱ አንዱን ነው ያየችው፤ የጥርሷን።

ባለፈው ማክሰኞ ሥራ ቦታ አንድ ደንበኛ ፍላሽ ይዞ መጣ። ስንከፍተው መስኮቱ ነጣና ተዘጋ፤ ልክ እንደ ቤታችን ኮምፒውተር። እኔ መፍቻ ላነሳ ስል ታይፒስታችን፣ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራት ሴትዮ ናት፣ «ተው አንተ፣ ጉሮሮው የታነቀን ሰው እግሩን ልትቆርጥ ነው?» አለችኝ። መስኮቱ እያንዳንዱን ፋይል በትንሽ ሥዕል አስቀድሞ ሊያሳይ ይሞክራል፤ ከመሐል አንዱ የተበላሸ ከሆነ እሱ ላይ ይታነቃል። ሥዕሉን ትተህ ስሙን ብቻ ዘርዝር በለው አለችኝ። አልኩት። መስኮቱ ተከፍቶ ቆመ። አብረውኝ የሚሠሩት ወንዶች «ኢንጂነር፣ ደብተር አውጣ» ብለው ሳቁብኝ። እኔ ያሰብኩት የቤታችንን ነው።

ከሥራ በቀጥታ ቤት ገባሁና ዳንቴሉን አነሳሁ። እንዳለችኝ አደረግሁ። ፎልደሩን ከፈትኩት፤ ተከፈተ። ሁለት መቶ አርባ አንድ ስም ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። ስምንት ወር ሙሉ እዚያው ነበሩ። የታመመውን ለመለየት ግማሹን ወደ ሌላ ፎልደር አዛውሬ ሥዕሉን አሳይ አልኩት፤ ያ ካልተዘጋ በሽታው በቀረው ግማሽ ውስጥ ነው ማለት ነው። እንዲህ ግማሹን ግማሹን እያልኩ ስምንት ጊዜ ያህል ከፈልኩና በመጨረሻ አንዲት ቪዲዮ ብቻ ቀረች። የተገለበጠችበትን ቀንና ሰዓት አየሁ። ዓርብ ነው፤ ከእሷ በኋላም የተገለበጠ የለም። ፍላሹን ስመነጭቅ መንገድ ላይ የነበረችው እሷ ናት። በሌላ ማጫወቻ ስከፍታት አራት ሰከንድ ትሄዳለች። ትልቁ ልጅሽ ብስክሌት ላይ ሊወጣ ነው፤ አንቺ ከካሜራው ጀርባ ሆነሽ «እማዬ፣ እይው እንግዲህ» ትያለሽ። እዚያ ላይ ትቆማለች።

ጨርቁ ኮምፒውተሩ ላይ ያረፈው ቅዳሜ ነው። ኮምፒውተሩ ከዓርብ ጀምሮ ታሞ ነበር።

ለእማዬ ያን ዕለት ምን እንዳልኳት ታውቂያለሽ? «ዳነ» አልኳት። «ራሱ ነው የዳነው?» አለች። «ራሱ» አልኳት። ሦስት ቀን ራሱ እንደዳነ ቆየ። እሷም ልታየው አልጠጋ አለች፤ ራሱ የዳነ ነገር እሷ ስትነካው ደግሞ ቢታመምስ? ትናንት ለባለቤቴ ነገርኳት፤ ለአንቺም ልጽፍልሽ እንዳሰብኩ ጨመርኩላት፣ ትንሽ ምስጋና እየጠበቅሁ መሰለኝ። የያዘችውን ሳህን አስቀመጠችና «ከዚህ ወንበር እዚያ ወንበር ያለውን መንገድ ሳትሄድ ደብዳቤ ባሕር ልታሻግር ነው?» አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት እማዬን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጥኳት። እጇን ታጥባ መጣች፤ ላትነካው። ፎቶውን ሙሉውን ስከፍትላት አልያዘላትም፤ «ይሄ የማን ክንድ ነው?» አለች። አጎላሁት። ዓይኗን በፎቶው ላይ ማዞር ስላቃታት፣ ፎቶውን በዓይኗ ፊት እንዳዞርላት አዘዘችኝ። እኔ በቁልፉ ቀስ እያደረግሁ አሳልፋለሁ፣ እሷ ታዛለች። «ግንባሩን አምጣው። ቁም። ይሄ የአባታችሁ ነው። ውረድ። አፉን። ቁም። ይሄ አፍ ከዚያኛው ቤት ነው የመጣው፤ ይሁን፣ ያምርበታል።» አራት ፎቶ ስናይ አንድ ሰዓት ሄደ። አምስተኛው ላይ ዓይኗ ደከማት። ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት ይቀራል። ቀዳዳው እስከ መቼ ክፍት እንደሚሆን ሐኪሙም አያውቅም።

ከዚያ ነገርኳት። «እማዬ፣ ጨርቁ አይደለም። ዓርብ ዕለት ሳይጨርስ የነቀልኩት እኔ ነኝ» አልኳት። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ቅዳሜ አይደለም?» አለች። «ዓርብ ነው» አልኳት። «ከመወልወሌ በፊት?» አለች። «በፊት» አልኳት። እጆቿን ከጭኗ አንስታ ወደ ደህናው ዓይኗ አስጠጋችና አንዱን አየችው፣ ቀጥላ ሌላውን። «እንግዲያው እጄ ደህና ነው» አለች። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኳት። ተነሳች፣ ግድግዳውን እየዳሰሰች ሄደች፣ ማብሪያውን አገኘችውና መብራቱን አበራችው። ጠዋት አራት ሰዓት ነው፣ ፀሐይ ሳሎኑን ሞልቶታል። እጇን ማብሪያው ላይ እንዳደረገች አንጋጣ ቆየች፤ ይቃጠል እንደሆነ ልታይ። አልተቃጠለም።

እንግዲህ እትዬ፣ ቁጣሽን አልሸሸውም። ግን በደብዳቤ አትቆጪኝ። ደውዪ፤ ስልኩን እሷ አጠገብ አስቀምጬ ድምፁን ከፍ አደርገዋለሁ፣ እሷ እየሰማች ተቆጪኝ። እሷን ስትቆጫት እኔ እየሰማሁ ነበርና። «አትንኪው» ያልሻትንም አንቺው አንሺላት፤ እኔ ባነሳው በቂ አይሆንም። ይቅር በይኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ለእሷ ሳትደውዪ ይቅር እንዳትይኝ።

የብስክሌቷን ቪዲዮ በድጋሚ ላኪልን፤ እኔ ያስቀረሁት ልጁ መውጣት መቻሉንና አለመቻሉን ነው። ከእንግዲህ የምትቀርጺው ሁሉ ልጆቹ እያወሩ ይሁን፤ ምን እንደለበሱ፣ የት እንደቆሙ ራሳቸው ይናገሩ። ምክንያቱን ለእነሱ መንገር የለብሽም። ፍላሹን በሥርዓት እነቅላለሁ፤ መንገደኛው ቢፈልግ ጥሩምባው እስኪሰነጠቅ ይንፋ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ አፉን በተመለከተ እማዬ በክፉ እንዳላለችው ንገሪው። ትልቁን ልጅሽን ግንባሩን ሳሚልኝ፤ አያትህ አይታዋለች በይው። ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ጥርሷን እንዳትጥለው፣ አያቷ በእጄ ልንካው ብላለች። ባለቤቴ በተዘጋ ድምፅዋ ሰላም ትልሻለች። እማዬ ምን ልበልልሽ ብላት፣ «እጄ ደህና ነው በላት» ብላኛለች፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። ይህን ስጽፍ ቀትር ሆኗል። የሳሎኑ መብራት አሁንም በርቷል፤ ያበራችው እሷ ስለሆነች እኔ አላጠፋሁትም።

ታናሽ ወንድምሽ

ከቤት፣ ከሳሎኑ ጠረጴዛ
ቅዳሜ፣ ጥር 18 ቀን